ስልኩ ቤታችን ገብቷል፤ ትምህርቱስ?

የተከበራችሁ የተበላ፣ የሶዶ፣ የአረካ፣ የቦዲቲና በወላይታ ዞን ልዩ ልዩ ከተሞች የምትኖሩ መራጮች!

በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ገጾች ላይ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ውሃና ስለ መንገድ ያለንን አማራጭ ፖሊሲ በዝርዝር ታገኛላችሁ። ይህንን ገጽ ግን በምርጫ ክርክር መድረኮች ላይ ብዙም ለማይነሳ፣ በየቤታችን ግን በየምሽቱ ለሚነሳ አንድ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆቻችን በእጃቸው የያዙት ስልክ ነው።

«ይህ ደግሞ የወላጅ ጉዳይ እንጂ የፖለቲካ ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚለን ይኖራል። አዎን፣ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ መምህሩን የሚቀጥረው፣ ሕጉን የሚያወጣው፣ ፖሊሱን የሚያሰለጥነው፣ ኢንተርኔቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው መንግሥት ነውና።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ተበላን አቋርጦ ያልፋል። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በዚህ መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየውን እኛም እናያለን። አራት አምስት ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ስልኩን የላከው አዲስ አበባ ሊስትሮ ሠርቶ ያጠራቀመ ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል። ፓኬጁ ተዋጥቶ የተገዛ ነው። ወረድ ብሎ ባለች ሱቅ ደግሞ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ይጫናል፤ ምን እንደሚጫን፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚጫን የሚጠይቅ የለም። ልጆቹ ጥፋተኞች አይደሉም። ዓለም በመዳፋቸው ላይ መጥታ ስትቆም አይተው ቢደነቁ አይፈረድባቸውም። የሚፈረድብን እኛ አዋቂዎቹ ነን፤ ስልኩን ሰጥተን መንገዱን አላሳየንምና።

አንዲት እናት የነገሩን

በቅስቀሳ ሥራችን ላይ ሳለን ከዞናችን ከተሞች በአንዱ አንዲት እናት ቡና ጠጡ ብለው ቤታቸው አስገቡን። የነገሩንን እንድንጽፈው ፈቅደውልናል፤ ማንነታቸውንና ከተማቸውን ግን አንገልጽም።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጃቸው ስክሪኑ የተሰበረ ስልኳን ለጠጋኝ ሰጠች። ስልኩ ተጠግኖ ተመለሰ፤ በውስጡ የነበረው ፎቶግራፍ ግን ለካ ተቀድቶ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ከእህቷ ጋር ስትቀልድ የተነሳቻቸው፣ ለሌላ ሰው ዓይን ያልታሰቡ ፎቶዎች ነበሩ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከማታውቀው ሰው በቴሌግራም መልእክት መጣላት፡- «ብር ካልላክሽ ለክፍል ጓደኞችሽ ሁሉ እበትነዋለሁ»። ልጅቷ ደነገጠች፤ ለማንም አልተናገረችም። ከእናቷ የገበያ ገንዘብ ቀንሳ ላከች። ሰውዬው ግን ሌላ ጠየቀ። ደግማ ላከች፤ ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ «ሆዴን አመመኝ» እያለች ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች።

እናት የሰሙት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሲሰሙም ወዴት እንደሚሄዱ አላወቁም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራቸው፤ ሌላውም «ማስረጃ ይዛችሁ ኑ» አላቸው። ልጅቷ ግን ከሀፍረት የተነሳ መልእክቶቹን በሙሉ አጥፍታቸው ነበር፤ ማስረጃውም አብሮ ጠፋ። ዛሬ ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት አትሄድም። እናትየው ሲሸኙን ያሉንን አንረሳውም፡- «ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ምን እንደገዛሁ ግን አላወቅሁም»።

ይህች ልጅ ብቻዋን አይደለችም። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት የተባለው የሕፃናት መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ኢትዮጵያ ይፋ ያደረጉት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ከአራት አንድ ያህሉ ናቸው። ከእነዚህ ተጠቃሚዎች ውስጥ ደግሞ ከአስር አንዱ ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ በኢንተርኔት አማካይነት ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት ደርሶበታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ሃያ ተማሪዎች ቢኖሩ፣ በዚህ ስሌት ሁለቱ ናቸው ማለት ነው። መምህሩ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም፤ ወላጆቻቸውም አያውቁም።

ድሮ ደብዳቤ አንባቢ፣ ዛሬ ቴሌብር ላኪ

ጉዳዩ በልጆች ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ድሮ ከሩቅ የተላከ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው ፊደል የቆጠረው ልጅ ነበር። ዛሬም እንዲሁ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በብዙ ቤቶች የእናትን ገንዘብ የሚልከው፣ የሚቀበለው፣ የሚስጥር ቁጥሩንም የሚያውቀው ታዳጊው ልጅ ነው። አጭበርባሪውም ይህንን አጣርቶ ያውቃል። «ሽልማት ደርሶሃል፤ አሁን በመልእክት የገባልህን ቁጥር ንገረኝ» ብሎ ይደውላል። «በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፤ መልስልኝ» ይላል። «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው፤ አካውንትህ ሊዘጋ ነው» ይላል። ልጁ ካወቀ የቤቱ ዘበኛ ይሆናል፤ ካላወቀ ግን የቤቱ በር በእሱ በኩል ይከፈታል።

ደላላውም ዘመናዊ ሆኗል። ወጣቶቻችንን «ወደ ውጭ አገር እንልካለን» የሚለው ሰው ዱሮ ቡና ቤት ተቀምጦ ነበር የሚያግባባው፤ ዛሬ በቲክቶክና በፌስቡክ ፎቅና መኪና እያሳየ ያባብላል። የብሔራዊ ፈተና ወቅት ሲደርስ ደግሞ «መልሱን እንሸጣለን» የሚሉ የቴሌግራም ነጋዴዎች ይፈላሉ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ጭንቀት ባለበት አገር የሐሰት ተስፋ የሚሸጥ ሰው ገበያ አያጣም።

በአማርኛ ሰው ተታልሎ ገንዘቡን ሲያጣ «ተበላ» ይባላል። የከተማችን ስም ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ እንግዳ ሁሉ እየመጣ ሲቀልድበትም ሰልችቶናል። ነገር ግን ልጆቻችን ሳይማሩ ስልክ ብቻ ይዘው ከቀሩ ቀልዱ እውነት ይሆንብናል።

እስከ ዛሬ ምን ተሠራ?

የተሠራውን አልተሠራም አንልም። የቴሌኮም አገልግሎት ተስፋፍቷል፤ ሁለተኛ ኦፕሬተርም ገብቷል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለ ስትራቴጂ ጸድቋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ ለማሰልጠን ያለመ ፕሮግራም ተጀምሯል። መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሥር የሰደደ በሽታ አለ፤ ይኸውም ዕቃውን እንጂ ሰውን አለማሰብ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ ያላየ ማን አለ? የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው አይቆምለትም፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ ጠባቂ ሆነ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፋ። ከዚያ የተማርነው ነገር ካለ፣ መሣሪያ መምህርን አይተካም የሚለው ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ አቧራ ለብሰው የተቆለፈባቸው ኮምፒውተሮች ግን ትምህርቱን እንዳልተማርነው ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው የመንግሥት መፍትሔ ደግሞ ማጥፋት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጡ ፈተናው ተሰረዘ፤ በድጋሚ ሲሰጥም ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በ2009 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋረጠ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም እንደገና ለሳምንታት ጠፋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቆዩ። አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፡- በእነዚህ ሁሉ ወራት የትኛው ልጅ ነው ከአጭበርባሪ መጠንቀቅን የተማረው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፈተናው ከተሰረቀ በኋላ የሚሊዮኖችን መስመር መቁረጥ ሌባውን አያስይዝም። ልጆቹም ዝግጁ ሆነው አልጠበቁም፤ ቪፒኤን የተባለውን እየጫኑ ማን እንደሠራው በማያውቁት መስመር ውስጥ ገቡ። መዝጋቱ ራሱ ለአደጋ አጋለጣቸው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» በሚል የሚታወቁት ወጣት ጸሐፊዎች ሲታሰሩ፣ በሽብርተኝነት ክሳቸው ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ኮምፒውተርን ከሰላይ መጠበቅ መማር እንደ ወንጀል ተቆጠረ ማለት ነው። ከመካከላቸው ገሚሶቹ ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ያ ዘመን በመምህራንና በወላጆች ልብ ውስጥ የተወው ነገር ግን ቶሎ አልለቀቀም፡- ስለ ኢንተርኔት ብዙ የሚያውቅ ሰው ይጠረጠራል የሚል ፍርሃት። ዜጋ መንግሥቱን እየፈራ ወንጀለኛን ለመጠቆም ወደ ጣቢያ አይሄድም።

አራተኛው፣ ሕጉ አለ፤ አድራሻ ግን የለውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ በኮምፒውተር ሥርዓት የሚፈጸምን ጸያፍ ድርጊት በጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 13 ደግሞ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሰውን ማስፈራራትንና ማሸማቀቅን ወንጀል ያደርጋል። የዚያች ልጅ ጠላት የፈጸመው ይህንኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ያስከብራል። ታዲያ እናትየው ሦስት ቢሮ ሲዞሩ ይህንን የነገራቸው አንድ ሰው ለምን አልተገኘም? ሕጉ አዲስ አበባ ታትሞ ወላይታ ካልደረሰ ለእኛ ወረቀት ነው።

ስልክ መንጠቅ መፍትሔ ነው?

ብዙ ወላጆች «ስልኩን ቀምቶ መስበር ነው» ይላሉ። ቁጣቸው ይገባናል። ግን እናስብ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ ሳይደርሳቸው መጽሐፉን በስልክ ያነበቡ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም.ም ቀጥሏል። የአዲስ አበባው ልጅ በቤቱ ኪቦርድ ሲነካካ አድጎ ለፈተና ይቀርባል። የተበላው ልጅ ማውዝ የሚይዘው በፈተናው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ የተፈተነው በሒሳብ ነው ወይስ በድህነቱ?

ስልኩን የነጠቅነው ልጅ ከጓደኛው ተውሶ በድብቅ ይከፍተዋል። በድብቅ የከፈተው ነገር ሲጎዳው ደግሞ በድብቅ ይጎዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የዚያች ልጅ ትልቁ ጠላት ፎቶውን የሰረቀው ሰው ብቻ አልነበረም፤ «ብናገር እመታለሁ» የሚለው ፍርሃቷም ነበር። ሰውዬው ገንዘብ ያገኘበት በዚሁ ፍርሃት ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን?

በቅድሚያ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ቴሌኮም በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። በክልልና በወረዳ ምክር ቤት ወንበር ስላገኘን ብቻ ታሪፍ እናወርዳለን ብለን አንዋሽም። በየደረጃው የምንችለውን ግን ቆጥረን እናቀርባለን፤ ቆጥራችሁም ጠይቁን።

አንደኛ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ እንዲከፈት እናደርጋለን። እስከ ዛሬ ሪፖርት የሚቀርበው «ይህን ያህል ኮምፒውተር ገዝተናል» ተብሎ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሪፖርት ሌላ ነው፡- አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት በኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ? ለግዢ ከሚመደበው ገንዘብ ለጥገናና ለመብራት መጠባበቂያ የሚሆን ድርሻ አስቀድሞ ካልተለየለት ግዢው በምክር ቤት እንዳይጸድቅ እንታገላለን። ለስብሰባ አበል የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ጠፋ ቢሉን አንቀበልም።

ሁለተኛ፣ መምህሩን እናስቀድማለን። የአይ.ሲ.ቲ. መምህር ከመጽሐፍ ላይ «ማውዝ ማለት...» እያለ ማስጻፉ ይቁም። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን አለ። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ በክረምት ወራት በተበላ፣ በገሱባ፣ በጉኑኖና በሌሎችም ከተሞች ትምህርት ቤቶች መምህራንንና ተማሪዎችን የሚያሰለጥኑበትን ስምምነት ከዩኒቨርሲቲው ጋር እንዲፈረም እንሠራለን። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ይህ ክብር ከቢሮ ሕንፃ አልፎ የወረዳ ትምህርት ቤት ደጃፍ መድረስ አለበት።

ሦስተኛ፣ የደኅንነት ትምህርቱ በሚገባን ቋንቋ ይሰጣል። ለወላይታ ሕዝብ የቋንቋን ዋጋ መንገር አያስፈልግም። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» የተባለ፣ ማንም በቤቱ የማይናገረው ቅልቅል ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣበት ሕዝቡ አይሆንም ብሎ ወጣ፤ ሕይወት ተከፈለ፤ መጽሐፉም ተነሳ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ስለዚህ «ፓስወርድህን ለማንም አትስጥ» የሚለው ትምህርት በወላይትኛ ለእናቶችም ጭምር፣ በአማርኛም ለሚፈልግ ሁሉ መድረስ አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የተጠቀሙበት ማስጠንቀቂያ አይደለም።

አራተኛ፣ በእያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያምኗት አንዲት መምህርትና አንድ መምህር የአቤቱታ ተቀባይ ሆነው ይሰየማሉ። ልጅ ችግሯን የምታመጣው ለእነሱ ነው፤ እነሱም ማስረጃውን አስጠብቀው ከወላጅ ጋር ወደ ፖሊስና ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያደርሳሉ። ከዚያ በኋላ «ወደዚያ ሂዱ፣ ወደዚህ ሂዱ» የለም። በየወረዳው ፖሊስ ቢያንስ አንድ ባለሙያ ስለ ኮምፒውተር ማስረጃ አያያዝ እንዲሰለጥን በበጀት እናስይዛለን።

አምስተኛ፣ የኢንተርኔት መዝጋትን እንቃወማለን። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ካገኘን ኢንተርኔት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝና ያለ ጊዜ ገደብ እንዳይዘጋ የሚደነግግ ሕግ እንጠይቃለን። ልጆችን መጠበቅ በሚል ሽፋን የዜጎችን ንግግር ማፈን ደግሞ ከቶ አንፈቅድም። አንቀጽ 29 ላይ የተጻፈው ሐሳብን የመግለጽ መብት የአዋቂውም የታዳጊውም ነው። የልጅን ፎቶ የሚሰርቅን ወንጀለኛና መንግሥትን የሚተችን ጸሐፊ በአንድ ዓይን የሚያይ ሥርዓት ሁለቱንም ሥራ አበላሽቷል።

እስከዚያ ድረስ ግን

ምርጫ እስኪመጣና ምክር ቤት እስኪሰበሰብ ልጅ አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሊደረግ የሚችለውን እንጥቀስ፡-

ልጃችሁን «ስልክህን አምጣ» ሳይሆን «አሳየኝ፣ አስተምረኝ» በሉት። ልጅ ለሚጠይቀው ሰው ያወራል።

የቴሌብርና የባንክ ሚስጥር ቁጥር፣ እንዲሁም በመልእክት የሚመጣ ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ «ከድርጅቱ ነኝ» ለሚልም ቢሆን። እውነተኛ ሠራተኛ ይህንን አይጠይቅም።

ስልክ ለጠጋኝ ከመሰጠቱ በፊት ሚሞሪና ሲም ካርዱ ይውጣ፤ ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ ተገልብጦ ከስልኩ ይጥፋ። ቢቻል አጠገቡ ቆማችሁ አሠሩ።

የቴሌግራምና የፌስቡክ አካውንት በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይቆለፍ። በተውሶ ስልክ የተከፈተ አካውንት ሳይዘጋ አይተው።

ማስፈራሪያ ከመጣ አራት ነገር አስታውሱ፡- ገንዘብ አትላኩ፤ መልእክቱን አታጥፉ፤ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ቁጥሩንና ቀኑን መዝግቡ፤ ለምታምኑት አዋቂ በዚያው ቀን ንገሩ። አንዴ የከፈለ ሰው ደጋግሞ ይጠየቃል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጃችሁን ዛሬውኑ ይህን ቃል አሰሙት፡- «ምንም ቢያጋጥምህ፣ ጥፋቱ ያንተ ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ፤ አልመታህም»። ይህ ቃል ምንም በጀት አይጠይቅም። ያቺ ልጅ ይህንን ቃል አስቀድማ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ብቻዋን ባልተሰቃየች ነበር።

የሁምቦ ተራራ ምስክር ነው

«ይህ ሁሉ በኛ አቅም ይሆናል?» ለምትሉ ቀና ብላችሁ የሁምቦን ተራራ ተመልከቱ። ተራራው ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ ነዋሪው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር አስከበረ። አብዛኛው ደን የመጣው ከውጭ በተጫነ ችግኝ አልነበረም። በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ የቀረውን ጉቶ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቀው፣ ቅርንጫፉን እያረሙ ነው ያሳደጉት። የዓለም ባንክ ሳይቀር የዚህን ደን ካርቦን ገዝቷል።

ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው። ጉጉቱ አላቸው፤ ብልሃቱ አላቸው፤ ሥሩ በሕይወት አለ። የጎደለው የሚጠብቅና የሚያርም እጅ ነው። መንግሥት ወይ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ለሁሉም ነገር ዘብ የሌለው ሜዳ አድርጎ ይተወዋል። እኛ የምንለው እንጠብቀው፣ እናርመው ነው።

የተከበራችሁ መራጮች! ወደዚህ ከተማ ለቅስቀሳ የሚመጣ ፓርቲ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ሦስት ጥያቄ እንዲመልስ አድርጉ። የትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ በማን እጅ ነው? ልጃችሁ በስልክ ብትጠቃ ጠዋት የምትሄዱት የትኛው ቢሮ ነው? ኢንተርኔትን ለመዝጋትስ ማን ፈቃድ ይሰጣል? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ የሌለው እጩ፣ መፈክሩ ቢያምርም፣ የልጆቻችሁን ጉዳይ አልያዘም።

የእኛን መልስ ከላይ ጽፈናል። ብንመረጥ ይህንን ወረቀት ይዛችሁ ኑና ቁጠሩብን። ካላደረግነው በሚቀጥለው ምርጫ አትምረጡን። ያቺ ልጅ ወደ ክፍሏ የምትመለስበት ቀን ግን እስከሚቀጥለው ምርጫ መቆየት የለበትም።

ስልኩ ቤታችን ገብቷል። ትምህርቱን የሚያስገባው የእናንተ ድምፅ ነው!